የወፎች ካርታና የአርሶ አደሩ ዓይን

አንድ ግሪሳ ወፍ በቀን ወደ 10 ግራም እህል ይበላል። ለብቻው ሲታይ ኢምንት ነው፤ አንድ ሚሊዮን ግሪሳ ግን በቀን 100 ኩንታል ገደማ ይጨርሳል። ስለዚህ ማሽላ በሚበቅልባቸው የሰሜን ወሎ ቆላማ አካባቢዎች «የትኛው ወፍ፣ መቼ፣ የት ይገኛል?» የሚለው ጥያቄ የአዝመራም ጥያቄ ነው።

መልሱ የሚገኘው ከወፎች ሥርጭት ካርታ ነው። የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 ቦታዎችን ለይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ጆን አሽና ጆን አትኪንስ የኢትዮጵያና የኤርትራን ወፎች ሥርጭት የሚያሳይ አትላስ አሳትመዋል። የአትላሱ አንድ ሳጥን በየጎኑ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን በሚያህል ስፋት ውስጥ የአቡነ ዮሴፍ ውርጭ፣ የገነተ ማርያም ማሳና የተከዜ ተፋሰስ ቆላ አንድ ላይ ሊገቡ ይችላሉ። ለግብርና ባለሙያ ደግሞ ሦስቱ የተለያዩ ዓለሞች ናቸው።

ይህን ክፍተት በሌሎች አገሮች እየሞሉ ያሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ያዩትን ወፍ፣ ቀኑንና ቦታውን በስልካቸው ይመዘግባሉ። በላስታ ግን ወፍ የሚመዘግበው በአብዛኛው ጎብኚ በመሆኑ፣ ጎብኚ ያልረገጠው ቀበሌ በካርታው ላይ ባዶ ይሆናል። ባዶነቱ ወፍ የለም ማለት ሳይሆን የቆጠረ የለም ማለት ነው።

ያለመቁጠር ዋጋው ከባድ ነው። በሕንድ ዳይክሎፌናክ የተባለው የከብት መድኃኒት ጥንብ አንሳዎችን ሲፈጅ፣ ጉዳቱ በግልጽ የታየው ቀደም ሲል ቆጠራ ስለነበረ ነው። ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱን ለከብት እንዳይውል እ.ኤ.አ. በ2006 ከለከሉ። እስከዚያው ግን ጥንቡን የሚያነሳ ጠፍቶ የባዘኑ ውሾች በዝተው ነበር። መነሻ ቁጥር የሌለው አካባቢ የጎደለውን እንኳ ማወቅ አይችልም።

ታዛቢ ግን አልጠፋም። ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ አዝመራ የሚጠብቅ ወጣት ግሪሳ ከየት እንደሚመጣና መቼ እንደሚሰፍር ከማንም በላይ ያውቃል። የላሊበላ አስጎብኚዎችና የትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበባትም አሉ። የሚያስፈልገው አቅርቦ የሚያሳይ መነጽርና ሥልጠና ነው፤ «አሞራ» የሚለው አንድ ስም ብዙ ዝርያዎችን ስለሚጠቀልል መለየትን መማር ይጠይቃል። ምንም ያልታየበትን ቀን መመዝገብም የሥራው አካል ነው።

ጸረ ግሪሳ ኬሚካል ሲረጭ ሌሎች ወፎችም ይሞታሉ። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የቀበሌ መዝገብ ቢኖራቸው የት መርጨት፣ የት መተው እንዳለባቸው በግምት አይወስኑም።