ቀዩ አፈርም የተፈጥሮ ነው

«ከእንግዲህ ፋብሪካ የሠራው ቅባት ቆዳዬን አይነካውም» አለችኝ ወዳጄ። ቡናው ገና ቶና አልደረሰም። አዊ ውስጥ ባለችው በእኛዋ ጥሊሊ ክረምቱ አንዴ ከያዘ ደግሞ ተነሥቶ የሚሄድ እንግዳ የለም፤ ጨዋታው ይረዝማል።

«ምን አገኘሽ ደግሞ?»

«ምንም። ለጋ ቅቤ ቤቴ አለ፤ ማር አለ፤ ሬቱ ጓሮዬ ነው። ስሙን እንኳ አንብቤ የማልጨርሰውን ነገር ገንዘብ ከፍዬ ፊቴን የምቀባው ለምንድን ነው?»

«ስለ ቅቤው እውነትሽን ነው» አልኳት፤ ከልቤ ነው ያልኩት። አገራችን ደጋ ነው። የጠዋቱ ብርድ፣ የቀትሩ ፀሐይ፣ በበጋ ደግሞ ነፋሱ ቆዳን አድርቆ ይሰነጥቃል። ከላይ ቅባት የተደረበበት ቆዳ ግን ውስጡ ያለው ውኃ ቶሎ አይተንም። እናቶቻችን አጥበው ገና ሳንደርቅ ቅቤ የሚያሹን ለከንቱ አልነበረም፤ የቆዳ ሐኪምም ዛሬ የሚመክረው «እርጥበቱ ሳይጠፋ ተቀቢ» ብሎ ነው።

«እንሶስላውስ?» አለች ፊቷ በርቶ። «ሥሩን ቆፍረን፣ ወቅጠን፣ እግራችንና መዳፋችን ላይ ለጥፈን በቅጠል ጠቅልለን ስናድር! ጠዋት ሲፈታ ያ ቅላቱ!»

«እሱንማ ማን ይጠላል። የሚያስፈራኝ የአሁኑ ጥድፊያ ነው። ለሠርግ ሂና ቶሎ ይጥቆር ብለው የፀጉር ቀለም የሚቀላቅሉበት አሉ። ቀለሙ ውስጥ ፓራፌኒሊንዳያሚን የሚባል ነገር አለ፤ ቆዳው ያልተስማማው ሰው እጁ ያብጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ጠባሳው ይቀራል።»

ይሄኔ የአጎቷን ልጅ ነገር አነሣችልኝ። ልጅቱ ከመንገድ ዳር ፊት የሚያቀላ ክሬም ገዛች። በሁለት ሳምንት ፊቷ ጠርቶ፣ አብርቶ፣ ሰው ሁሉ «ምን ተቀባሽ?» አላት። ካቆመች በኋላ ግን ፊቷ እሳት የነካው መሰለ፤ ቀላ፣ አቃጠላት፣ ብጉር ወረራት፤ ከጉንጯ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች መታየት ጀመሩ። ተመልሳ ስትቀባው ይሻላታል፤ ስታቆም ይብስባታል።

«ስቴሮይድ ነው» አልኳት። «ክሎቤታሶልን የመሰለ ብርቱ መድኃኒት ነው። የቆዳ ሐኪም ለታወቀ በሽታ፣ ለተቆጠረ ቀን ያዘዋል። ያለ ሐኪም ለወራት ፊት ላይ ሲውል ቆዳውን ያሳሳዋል። ሌሎቹ ማቅያዎች ደግሞ ሃይድሮኪኖን አለባቸው፤ የባሱት ሜርኩሪ። ሜርኩሪ በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል። ጃፓን ሚናማታ ላይ ፋብሪካ ወደ ባሕር የለቀቀው ሜርኩሪ ዓሣ የበላውን ሕዝብ ፈጅቶ ነበር፤ ሜርኩሪን የሚገድበው፣ በከተማዋ ስም የተጠራው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2017 ጸና። በ2023 ደግሞ አገሮቹ መዋቢያ ውስጥ ትፈቀድ የነበረችው ጥቂቷ መጠን እንኳ እንድትቀር ወሰኑ።»

«ታዲያ ምን አልኩሽ! ኬሚካል ነው ብዬሽ የለ?»

«ቆይ እንጂ። የዚያ ክሬም ካርቶን ላይ ምን ነበር የተሣለው?»

አሰበች። «ቅጠል» አለች። «ከዕፀዋት የተቀመመ ይላል መሰለኝ።»

ይኸው ነው የሚያናድደኝ። ቅጠል መሣል ቀላል ነው። በየአገሩ ከዕፀዋት ተቀመሙ ተብለው በተሸጡ ክሬሞች ውስጥ ስቴሮይድ ተመርምሮ ተገኝቷል። ውስጡ ያለው ነገር በዝርዝር ያልተጻፈበትን፣ የሠራው ማን እንደሆነ የማይታወቀውን ቅባት የቅጠል ሥዕል ንጹሕ አያደርገውም።

ደግሞ ቅጠሉ እውነተኛ ቢሆንስ? ሎሚ ተቀብታ ፀሐይ ላይ የወጣች ሴት ቆዳዋ እንደ ቃጠሎ ውኃ ይቋጥራል፤ የሎሚው ጭማቂ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳ የሚያቃጥል ነገር አለውና። እንዶድንም አስቢው። አያቶቻችን ነጠላ ያጠቡበታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ፤ ከዚያ ተነሥተው ነው እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ እንደሚገድል ያሳዩት። ቀንድ አውጣ የሚፈጅ ነገር ከጓሮ ስለተለቀመ ብቻ ለፊት አይሆንም። ቅቤውም ቢሆን ለጤነኛ ገላ እንጂ ለአራስ ልጅ እትብት አይሆንም፤ ለቁስልም አይሆንም።

«እና ከተፈጥሮ የመጣ ሁሉ መጥፎ ነው ልትዪኝ ነው?»

«አይደለም። ግን ጥሊሊ ላይ ቆዳን ክፉኛ የጎዳው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ደጅሽ ላይ ያለው ቀይ አፈር ነው። ከእሱ የበለጠ የተፈጥሮ ምን አለ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ስለ ዝሆኔ እንደማወራ ገባት፤ በሰፈሯ የማታውቀው ነገር አይደለም።

እንዲህ ነው ነገሩ። የእኛ ደጋ ቀይ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ነው፤ ዝናብ የሚበዛበት ከፍ ያለ አገር ደግሞ እንዲህ ያለ አፈር ይበዛበታል። አፈሩ ውስጥ ያሉት የደቀቁ ማዕድናት ባዶ እግሩን በሚሄድ ሰው ቆዳ በኩል ይገባሉ። ገብተውም ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያቆስላሉ፤ እግሩ ከታች ጀምሮ ያብጣል፤ ቆዳው ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሸታል። በቆላ ትንኝ በምታስገባው ትል የሚመጣ ሌላ ዝሆኔ አለ፤ የእኛው ግን ትል የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። አፈሩን ከበሽታው ጋር አገናኝቶ ያስረዳው እዚሁ ኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ከተመረመሩት 3.3 በመቶው እንደታመሙ አሳየ። በአገር ደረጃ የሕሙማኑ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ገደማ ይገመታል። ከምዕራብ ጎጃም አጠገብ አዊ ላይ ላለን ለእኛ ይህ የሌላ አገር ወሬ አይደለም።

«እርግማን ነው ይላሉ እኮ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እባብ ረግጣ ነው፣ ምን ረግጣ ነው እያሉ። ከዚያ ቤት ልጅ አይታጭም።»

«ይህ ነው አንጀቴን የሚበላኝ። በቤተሰብ ውስጥ መደጋገሙ እውነት ነው፤ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለ። ግን ጫማ ያደረገ፣ እግሩን የሚታጠብ ልጅ አይታመምም። የታመመውም ይረዳል። በምን መሰለሽ? በውኃ፣ በሳሙና፣ በረኪና ጠብ በተደረገበት መዘፍዘፊያ፣ በቫዝሊን፣ በካልሲና በጫማ። ምሥራቅ ጎጃም ላይ 696 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አለ። ይህንን እንክብካቤ ቶሎ የጀመሩት፣ ትኩሳት እያስያዘ አልጋ ላይ የሚጥለው የእግር ሕመም ከሌሎቹ ያነሰ ጊዜ ነው የተነሣባቸው።»

«በረኪና? ቫዝሊን? ሁለቱም የፋብሪካ ናቸው።»

«ቫዝሊን እንዲያውም ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1872 የፈጠራ መብት የተሰጠው። ሽታ የለውም፤ አይሻግትም፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ተደርቦ ውኃውን ይይዝለታል። ቅቤ የሚሠራውን ሥራ ነው የሚሠራው፤ ዝንብ ግን አይጠራም። ግሊሰሪንን ደግሞ እይው። ከቅባት ሳሙና ሲሠራ የሚወጣ ነው፤ ከነዳጅም ይሠራል። ከየትም ይምጣ ቆዳሽ ላይ አንድ ነው። እዚሁ ኢትዮጵያ በዝሆኔ ሕሙማን ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት መዘፍዘፊያው ውኃ ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን ሲጨመር የቆዳው የመከላከል አቅም ከቀድሞው እንክብካቤ የበለጠ እንደሚሻሻል አሳየ። በዚያ ላይ የውኃው መጠን ከ6 ሊትር ወደ 1 ሊትር ወረደ። ውኃ በጀርባዋ ለምታመጣ ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም።»

ሦስተኛውን ቀዳችልኝ። ፊቷ ላይ ቅቤ መቀባቷን እንዳትተው ነገርኳት፤ ተስማምቷታልና። ክሬም ስትገዛ ግን ዝርዝሩን ታንብብ፤ ዝርዝር ከሌለው ትተወው። እሷ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር።

«ከእኛ ማዶ ያሉትን እማማ ታውቂያቸዋለሽ። ግራ እግራቸው ነው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆሙ ቆዩ።»

«ትኩሳት አላቸው?»

«የለባቸውም። ሽታው ነው የሚያሳፍራቸው።»

«እንግዲያ መጀመሪያ ለጤና ኤክስቴንሽኗ እንንገራት፤ አይታ የበረኪናውን ልክ ታሳየን። እግራቸውን በገላ ሳሙና አጥበን ግማሽ ሰዓት እንዘፈዝፋለን። 1 ሊትር ውኃ ላይ 20 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን፤ አራት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ከዚያ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር እናደርቃለን፤ በመጨረሻ ቫዝሊን።»

«ጫማስ? የሱቅ ጫማ አይገባላቸውም።»

«በልካቸው ይሰፋላቸዋል። ክር ይዘሽ ነይ፤ ዝናቡ ካባራ አሁኑኑ ሄደን እንለካቸው።»