ግንበኛው የሠራውን ብሎኬት ማን ይፈትሽለት?

ኢሉባቦር ውስጥ የግድግዳ ዋነኛ ጠላት ዝናብ ነው። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጎሬ በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው ከተሞች አንዷ ናት። የጭቃ ቤቱን ግርጌ ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ ይበላዋል፤ አቅም ያገኘ ሁሉ ወደ ብሎኬት የሚዞረውም ለዚህ ነው። ችግሩ ከሙገርና ከደርባ የሚነሣው ሲሚንቶ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጭኖ መምጣቱ ነው። በስምጥ ሸለቆ ብሎኬት የሚያቀልሉበት ፐሚስም ለመቱ ሩቅ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ክብደት ማለት ገንዘብ ነው።

ስለዚህ አንድ ግንበኛ በአረፋ የሚሠራ ቀላል ብሎኬት ልሞክር ቢል ትክክል ነው። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው፦ ሲሚንቶ፣ ደቃቅ አሸዋና ውኃ በቀጭኑ ይበጠበጣል፤ ለብቻው የተመታ አረፋ ይጨመርበትና ሳይጎዳ ይደባለቃል። የተለመደው ኮንክሪት በሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ያህል ሲመዝን ይህኛው እስከ 600 ኪሎ ሊወርድ ይችላል። በርሜል ውኃ ውስጥ ቢጥሉት ይንሳፈፋል። ጥበቡ ያለው አረፋው ላይ ነው። ጥሩ አረፋ መዳፍ ላይ ይዘውት እጅ ቢገለብጡ አይፈስም። ደካማው ግን ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይሟሽሻል፤ ድብልቁ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይወርድና ብሎኬቱ ከታች ከባድ፣ ከላይ ወንፊት ሆኖ ይወጣል። ደግሞም በቀለለ መጠን ይደክማል፣ ውኃም ይጠጣል። ያለ ጥሩ ልስን የጎሬን ክረምት ይቋቋማል ብዬ አላምንም።

ፈጠራ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የቡና ገለባ በሞላበት አገር አመዱ የሲሚንቶውን ጥቂት ድርሻ ይተካ ይሆን? የትኛው ልስን ዝናቡን ይመልሳል? ይህን አጥብቆ የሚጠይቀው ከማልታ ጋር የሚውል ሰው ነው።

አሁን እንዲህ ያለ ግንበኛ ሊይዛቸው የሚችሉትን ወረቀቶች እንመልከት። የሙያ ብቃት ምዘናው ሰውየው ቱንቢና ውኃ ልክ ጠብቆ መገንባት መቻሉን ይመሰክራል። ንግድ ፈቃዱ ሥራውን በሕግ እንዲሠራ ያስችለዋል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ደግሞ ከፓተንት ሌላ ለአነስተኛ ፈጠራም የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ጥበቃው አምስት ዓመት ሲሆን፣ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ለሌላ አምስት ዓመት ይታደሳል። ለግንበኛ የተመቸ ሕግ ነው፤ ብዙ ግንበኛ ግን መኖሩንም አልሰማም። ሦስቱም ወረቀቶች አስፈላጊ ናቸው። ሆኖም አንዳቸውም ስለ ብሎኬቱ ጥንካሬ አይናገሩም። የፈጠራ ወረቀት ነገሩ አዲስ ነው ይላል እንጂ ጣሪያ ይሸከማል አይልም።

የከተማው መሐንዲስ ያልተፈተሸ ብሎኬት አላጸድቅም ቢል አልፈርድበትም፤ ከግድግዳው ሥር ልጆች ይተኛሉ። የምቃወመው ግንበኛውን «መደበኛ አይደለም» ብሎ መሸኘትን ነው። የት ሄዶ እንደሚያስፈትሽ ካልተነገረው ወይ ሐሳቡን ይጥላል፣ ወይ ተደብቆ ይገነባበታል። ሁለተኛው የባሰ ነው።

መቱ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለን። የምህንድስና መምህራኑ ለአካባቢው ግንበኞች ቋሚ የፍተሻ ቀን ይመድቡ፤ ብሎኬቱን በደረቁም፣ ውኃ ጠጥቶም እየጨመቁ ውጤቱን በማኅተም ይስጡ። ማዘጋጃ ቤቱም ያንን ወረቀት ይቀበል። የመቱ፣ የጎሬና የበደሌ ግንበኞች፣ እናንተም በእያንዳንዱ የሙከራ ብሎኬት ላይ የድብልቁን መጠንና የተሠራበትን ቀን ጻፉ፤ ውኃ ጠጥቶ ሳይፈተሽ ግን የማንንም ቤት አትገንቡበት።