አፍና እጅ በአንድ ጊዜ ሲያስተምሩ

ትምህርት ማለት የመምህሩ ቃል ከደቀ መዝሙሩ ልብ መድረሱ ነው እንጂ ከመምህሩ አፍ መውጣቱ ብቻ አይደለም። መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምር መምህር በአፉ እየተናገረ በእጁም ምልክት ሲያሳይ፥ ሁለት መንገድ ስለ ተባበረ ትምህርቱ እጥፍ የሆነ ይመስላል። ነገሩ ቢመረመር ግን እንዲህ ሆኖ አይገኝም።

የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው አለው። ማን ለማን እንዳደረገ በእጅ አቅጣጫ፥ ጥያቄና አሉታም በፊትና በራስ ንቅናቄ ይገለጣል። አማርኛ ይህን ሁሉ በግሱ ላይ በሚጨመሩ ፊደላት ይናገራል። የመምህሩ አፍ «አልነገረችኝም» ሲል የቸኮለው እጁ «መንገር» የሚለውን ብቻ አሳይቶ ቢያልፍ፥ የሚሰማ ሰው ጉድለቱን አያውቀውም፤ ልጁ ግን ማን ለማን እንደ ነገረ፥ ነገሩም መነገሩን ወይም አለመነገሩን ሳያውቅ ይቀራል።

በአዳማ፥ በሞጆ፥ በባቱና በሻሸመኔ ጉዳዩ ይልቁን ይከብዳል። የአንዱ ልጅ ቤተ ሰብ ኦሮምኛ፥ የሌላው አማርኛ ይናገራል፤ ኦሮምኛው በላቲን፥ አማርኛው በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። ሁለቱን ልጆች በአንድ ወንበር አስቀምጦ የሚያነጋግራቸው የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ ነው። እርሱ የንግግር ጭፍራ ከሆነ ልጆቹ የጋራ ቋንቋቸውን ያጣሉ።

በ1880 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሚላኖ የተሰበሰቡ መምህራን ንግግርን አልቀው የምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤት እንዲወጣ ወስነው ነበር። ከ130 ዓመት በኋላ፥ በ2010፥ በቫንኩቨር የተሰበሰበው ጉባኤ ያን ውሳኔ ነቀፈ። ኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በምልክት ቋንቋ የሠለጠኑ መምህራን፥ አካል ጉዳተኞችም ጭምር፥ እንዲቀጠሩ ያዛል።

ጥቂት የሚሰማ ልጅ በድምፅ ይጠቀማል የሚል ሰው እውነት አለው። ስለዚህ ንግግር የራሱ ሰዓት ይሰጠው እንጂ በምልክቱ ላይ አይደረብ። ንባብ በንባብ ቤት፥ ዜማ በዜማ ቤት፥ ቅኔም በቅኔ ቤት ለየብቻው ሲሰጥ ኖሯል። ካህኑ ዘካርያስም አንደበቱ በተያዘ ጊዜ አስቀድሞ በምልክት ተናገረ፥ በኋላም የልጁን ስም በሰሌዳ ጻፈ፤ የሚያዩትም አሳቡን ተረዱ።

እንግዲህ የትምህርት ሹም ክፍል በሚጐበኝበት ጊዜ የምልክት ቋንቋ አዋቂ፥ ቢቻል መስማት የተሳነውን ሰው፥ ይዞ ይግባ። የመምህሩን ድምፅ ማማር ትቶ ልጁ የተማረውን በእጁ መልሶ እንዲያስረዳ ይጠይቀው። መልሱ ከጐደለ ጉድለቱን በልጁ አእምሮ ላይ ከመጫን በፊት የማስተማሩን መንገድ ይመርምር።