«የኮሮና ባች» - ስድቡ ለማን ነው?

ባለፈው ክረምት ደሴ ፒያሳ ከአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ዝናብ ይዞኝ ተቀምጬ ነበር። ዝናቡ ከጦሳ ተንደርድሮ ሲመጣ ማንም ከመቀመጫው አይነሣም፤ ወሬም ይረዝማል። ሻይ የሚያመላልሰው ወጣት መልስ ሲሰጥ ዐሥር ብር አጉድሎ ኖሮ፣ ሲነግሩት ይቅርታ ጠይቆ አስተካከለ። ነገሩ በዚሁ ማለቅ ይችል ነበር። ነገር ግን ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ አዛውንት «አትፍረዱበት ጎበዝ፣ የኮሮና ባች ነው!» አሉ። በረንዳው በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ብዕር ያነሣሁት ያ ሳቅ ቤቴ ከገባሁ በኋላ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ስለቀረብኝ ነው።

ስሙ ከየት እንደመጣ አንባቢ አይጠፋውም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በሽታው አገራችን መግባቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ለዐሥራ አምስት ቀን እንዲዘጉ ታዘዘ። ዐሥራ አምስቱ ቀን ሰባት ወር ሆነ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ደብተሩን አጥፎ ቤቱ ገባ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ሆነ። በመጨረሻም ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ሌላው ሁሉ ሳይፈተን ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛወረ። ልብ በሉ፤ «አዛውሩን» ብሎ የጠየቀ ተማሪ አልነበረም። የወሰኑት ትልልቆች ናቸው፤ ምናልባትም ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ውሳኔው የእኛ፣ ስድቡ የእነሱ የሆነበት ምክንያት ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እኔ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ከየጋዜጣው የምለቃቅማት ሥራ ስለደረቀች ሻንጣዬን ይዤ ደሴ፣ ታላቅ እኅቴ ቤት ገባሁ። ሁለት ክፍል ናት። ወንዱ ልጇ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ፣ 10ኛ ክፍል፤ ታናሺቱ ዐሥራ አራት ዓመቷ፣ 8ኛ ክፍል። ባለቤቷ የጂቡቲ መስመር ሾፌር ነው። እንግዲህ ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ከዚያች ቤት ያየሁት ነው።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ውሸት ላንሣ። «ኮሮና ክፉ ቢሆንም ቤተሰብን ሰበሰበ» ይባላል። ይህን በቴሌቪዥን ሰምቼዋለሁ፤ በየሠርጉና በየማኅበሩም ሲደገም እሰማለሁ። አባት ከልጁ ጋር ቼዝ ሲጫወት፣ እናት ዳቦ ስትጋግር ያሳዩን ነበር። ቤቱ ሰፊ፣ ሶፋው ነጭ። ጣሊያኖች በሰገነት ላይ ሲዘፍኑም አሳይተውናል። ደሴ ውስጥ ስንት ሰው ሰገነት አለው?

እኅቴ ቤት የተሰበሰበ ቤተሰብ አልነበረም፤ የተበተነ እንጂ። ከጂቡቲ የሚመለሱ ሾፌሮች በሽታውን ያመጣሉ ተብሎ ስለተፈሩ፣ አማቼ መኪናውን ኮምቦልቻ አቁሞ እዚያው ጋቢና ውስጥ ያድር ነበር። ሐረጎን ወጥቶ ቤቱ ለመግባት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ግን አልወጣም። ማን ከለከለው? ሕግ አይደለም፤ ጎረቤት ነው። እሱ ደሴ ባይደርስም ልጆቹ ከግቢው ቧንቧ ውኃ እንዳይቀዱ የተደረገበት ሳምንት ነበር። «የሾፌር ልጆች» የሚለው ቃል እንደ ስድብ የተሰማኝ ያን ጊዜ ነው። ወንዱ ልጅ በዚህ ተጣልቶ ከንፈሩን ተተርትሮ ገባ። እናቱ ስትጠይቀው «ኳስ ነው» አላት።

በፋሲካ ማግሥት ምግብ ይዘንለት ኮምቦልቻ ወረድን። ሚኒባሱ በግማሽ ጭኖ በእጥፍ ዋጋ የሚመላለስበት ጊዜ ነው። እኅቴ አገልግል አሳምራ አዘጋጅታለች። አማቼ ከመኪናው ራቅ ብሎ ቆመ፤ ታናሺቱ አገልግሉን መኪናው መርገጫ ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ከዚያ እሱ መጥቶ አነሣ። መንገድ ለመንገድ እየተጯጯኹ ተነጋገሩ። «እሙዬ፣ ታጠኛለሽ?» አላት። «አዎ አባዬ» አለችው። ውሸቷን ነበር። አገልግሉ ሲመለስ ሦስት ቀን ደጅ ፀሐይ ላይ ዋለ፤ ከዚያ ወዲያ በፌስታል ሆነ። ረመዳን ሚያዝያ 16 ቀን ገብቶ ጎረቤቶቻችን ማፍጠሪያ ሳንቡሳ በአጥር ላይ ያቀብሉን ነበርና (ውኃውን የከለከሉት እነሱ አይደሉም)፣ እሱንም ጠቅልለን ወስደንለታል። እስከ ሐምሌ ድረስ አባትየው ልጆቹን በእጁ አልነካም። ቤተሰብ ተሰበሰበ የሚሉኝ ሰዎች ይህን ከየትኛው መዝገብ እንደሚያስገቡት ይንገሩኝ።

ሁለተኛው ክስ ይብሳል። «ጊዜ ነበራቸው፤ ለምን አላጠኑም?» ይላል። ጊዜ ብቻውን ያስተምር ቢሆን ኖሮ ከእስረኛ በላይ የተማረ ባልተገኘ ነበር። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጣል ተባለ፤ መብራት ደግሞ በፈለገው ሰዓት ይሄዳል። መምህራን ጥያቄና ማስታወሻ በቴሌግራም ይልኩ ጀመር። ቤቱ ውስጥ ዘመናዊ ስልክ አንድ ብቻ ነበር፤ የእናታቸው። እሷ ይዛው ገበያ ስትወጣ ትምህርት ቤቱም አብሮ ገበያ ይወጣል። ማታ ስትመለስ ሁለቱ ይሻሙታል፤ ካርድ የለም፤ ካርድ ሲሞላ መብራት የለም። ሰኔ 22 የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ ደግሞ ኢንተርኔቱ በአገር ደረጃ ሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቴሌግራም ላይ እንማር ተብሎ፣ ቴሌግራሙም ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ «ለምን አላጠናህም?» ብሎ መጠየቅ ወንዝ አድርቆ ዓሣውን ለምን አልዋኘህም እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ሳልናገር ባልፍ ሌላውን ለመውቀስ መብት አይኖረኝም። አንድ ሌሊት፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ልጁ ብርድ ልብስ ውስጥ ስልክ ሲያበራ ደረስኩበት። ነጥቄ «እናትህ በሥራ ትሙት፣ አንተ ፌስቡክ ትጫወት!» ብዬ ስልኩን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩት። አራት ቀን ቆየ። በአምስተኛው ቀን እኅቴ ስትከፍተው የተገኘው የፊዚክስ ጥያቄ ነው፤ ግማሹን በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ ገልብጦ ይፈታ ኖሯል፤ መዳፉን እኔም አይቼዋለሁ፣ ቆሻሻ መስሎኝ ነው። ኔትወርኩ የሚሻለው በሌሊት ስለነበር ነው በሌሊት የተነሣው። ይቅርታ አልጠየቅሁትም። ታላቅ ታናሹን ይቅርታ የሚጠይቅበት ልማድ የለንማ!

ስለ ታናሺቱ ብዙ ሰው አይናገርም። ወንዱ ስልክ ሲሻማ እሷ የት ነበረች? ውኃ ወረፋ። «እጃችሁን በሳሙናና በውኃ ታጠቡ» ይለናል ሬዲዮው፤ ውኃው በሰፈራችን በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፤ ሳይመጣም የሚቀርበት ሳምንት አለ። ቢጫዋን ጀሪካን ተሸክማ ስትመላለስ የዋለች የ8ኛ ክፍል ተማሪ ማታ የምትፈልገው እንቅልፍ ነው። ሰው ሁሉ ቤት ስለሚውል ቡናው ሦስቴ ይፈላል፤ ዕቃው ሦስቴ ይታጠባል። እሷ ግን ከወንድሟ በተለየ ፈተና ይጠብቃታል፤ 8ኛ ክፍል ነቻ! ይህም ሆኖ እሷ የከተማ ልጅ በመሆኗ ዕድለኛ ናት። በገጠሩ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጋብቻ የመጣባቸው፣ ሲከፈት ደግሞ ወንበራቸው ባዶ የቀረ ልጃገረዶች ነበሩ።

ወደ በረንዳው አዛውንት ልመለስ። ሳቁ በረድ ሲል «እኛስ ትምህርት አልተቋረጠብንም? በ67 ዕድገት በኅብረት ዘምተን፣ ተመልሰን ተምረን ሰው ሆነናል» አሉ። ጋሼ፣ በዚያ በረንዳ ላይ ዕድሜዎን አክብሬ ዝም አልኩ፤ እዚህ ግን ልመልስ። እርስዎ ሲዘምቱ 60 ሺህ ገደማ ሆናችሁ ነው። ዩኒፎርም ነበራችሁ፤ መዝሙር ነበራችሁ፤ ገበሬ ማስተማር የሚባል ሥራ ነበራችሁ። ዘመቻውን የጠላ እንኳ የሚጠላው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ነው። የእኅቴ ልጅ የተሰጠው ግዳጅ «ውጣ» ሳይሆን «አትውጣ» ነው። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አትውጣ፣ አትጨባበጥ፣ አትሰብሰብ፣ ኳስ አትጫወት ተባለ። ያን ዕድሜ ያለፈበት ሰው ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል፤ ወይም ረስቶታል።

ለምን ነበር የተቀመጠው? ይህ ነው የክርክሬ ዋና ነገር። በሽታው ይበልጥ የሚገድለው አዛውንቱን፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለበትን ነው፤ ልጆችንማ ብዙም አይነካም ነበር። ልጆቹ ቤት የዋሉት እንግዲህ ለራሳቸው ሳይሆን ለእኛ፣ ይልቁንም ለእርስዎ ነው፣ ጋሼ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጊዜ ሞት ጉብሉንም ሽማግሌውንም ሳይለይ አጨደ፤ በየዓመቱ ኅዳር ሲታጠን ጢሱ የሚያስታውሰን ያንን ነው። በ2012ቱ ግን ወጣቱ ለሽማግሌው ሲል ቤቱን ዘጋ። እኛስ? እኛ ሰኞ ገበያ ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተን ሸመትን። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሞልተን ተቀመጥን፤ ማስኩን አገጫችን ላይ ሰቅለን። እኔም እዚያው ነበርኩ። ከዚያ ቤት ስንገባ ልጆቹን «የት ወጥታችሁ ነበር?» ብለን እንቆጣለን።

ይህ ሁሉ ሆኖ ነገሩ በኮሮና ብቻ ቢቆም ኖሮ ልጆቹ ባነሱ ነበር። አልቆመም። ልጁ 12ኛ ክፍል የደረሰው በ2014 ነው። በዚያ ዓመት መግቢያ የደሴ ትምህርት ቤቶች ከሰሜን ወሎ በተፈናቀለ ሕዝብ ተሞልተው ነበር፤ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ፍራሽ ተነጥፎ። ጥቅምት 20 አካባቢ ጦርነቱ ደሴ ገባ፤ ኮምቦልቻም ተከተለች። እኅቴ ሁለቱን ልጆች ይዛ ደብረ ብርሃን ሸሸች። ኅዳር 27 ከተማዎቹ ተመለሱ፤ እነሱም ተመለሱ። ቤቱ ተዘርፎ ቆያቸው፤ የልጁ ደብተሮች ብቻ አልተነኩም፤ ማን ይፈልጋቸዋል? በጥቅምት 2015 በማያውቀው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ብሔራዊ ፈተና ተፈተነ። በጥር ውጤቱ ሲነገር፣ በአገሪቱ ከተፈተኑት 896 ሺህ 520 ተማሪዎች ከግማሽ በላይ ያመጡት 29 ሺህ 909 ብቻ ሆኑ። 3.3 በመቶ። ልጁ 41 ከመቶ አመጣ።

አገር ደነገጠ። ትውልዱ ሰነፈ፣ ኩረጃ የለመደ ነው፣ ስልክ አደነዘዘው ተባለ። ኩረጃ አልነበረም አልልም፤ ነበረ፤ ትምህርቱም ከኮሮና በፊት የታመመ ነው። ነገር ግን ያን ቀን አንድም ሰው ጣቱን አጥፎ አልቆጠረም። በጥር 2015 «ወደቁ» የተባሉት ልጆች እነማን ናቸው? በመጋቢት 2012 የ10ኛ ክፍልን በር ዘግተን ቤት ያስገባናቸው ናቸው። የ10ኛ ክፍል ሒሳብ የት ሄደ? ያን ጊዜ «ክፍል ስትገቡ በ45 ቀን ይካካሳል» ተብሎ ነበር። እኅቴን «ተካካሰ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። «እንጃ ወንድሜ፤ እኔ የማውቀው እንዳለፈ ነው» አለችኝ።

እንግዲህ እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ትምህርት ሚኒስቴርም ሆነ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ያን የጎደለ ዓመት እንደ ጉድለት ይመዝግቡልን፤ የእነዚህ ልጆች ውጤት ሲወራ ከጎኑ ይጻፍ። ቀጣሪው «ስንት አመጣህ?» ካለ በኋላ «በ2012 ስንተኛ ክፍል ነበርክ?» ይበል። በየከተማው የማታ ትምህርት ላቋረጡት ክፍት ይሁን፤ ላገቡትም ሴቶች ልጆች ጭምር፤ ልጅ አዝላ የምትመጣዋን የሚመልስ ዘበኛ አይኑር። በየበረንዳው ያለን እኛም ቢያንስ አንሳቅ።

ታናሺቱ ከፈተና በኋላ የማካካሻውን ዓመት አልፋ ዛሬ ነርስነት ትማራለች። ልጁ አልቀጠለም። የአባቱ ረዳት ሆኖ ጂቡቲ ይመላለሳል፤ ጎማ ይፈታል፣ ሸራ ያስራል፤ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት እየተዘጋጀ ነው። እኔም ይቅርታ የጠየቅሁት ባለፈው ወር ነው፤ ስለ ስልኩ። «የቱ ስልክ ጋሼ?» አለኝ። ያስታውሳል፤ ከፊቱ አውቄዋለሁ።

በዚያው ቀን ኮምቦልቻ፣ መኪናው ድሮ ይቆምበት ከነበረው ቦታ፣ ምሳ ወስደንለት ነበር፤ እኅቱና እኔ። አገልግሉን መርገጫው ላይ አስቀመጠችና አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ቆመች፤ እየሳቀች። ልጁ ከሥር፣ እጁ ግራሶ እንደሆነ፣ ብቅ አለና ለአፍታ አልገባውም። ሲገባው አልሳቀም። «ነይ እንጂ፣ ቀረብ በይ፤ ይበርዳል» አላት።