ሰው ከመፈለግ ማስረጃ መፈለግ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ይህች ደብዳቤ ከሩቅ አገር የምትደርስዎ ብትሆንም የምትናገረው በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው ለሚውሉት የቀድሞ ባልንጀሮቼ ስለሆነ፣ በአንባብያን ዓምድ ጥቂት ቦታ እንዲሰጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። እኔም ዐሥራ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤትና በሒሳብ ክፍል የሠራሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርሁ። ዛሬ የምኖረው በአሜሪካ አገር በቨርጂንያ ግዛት ነው። በ2016 ዓ.ም. በአንድ ቅዳሜ የደረሰብኝ ነገር ስለ ራሴና ስለ ቀድሞ ሥራዬ ብዙ ስላስተማረኝ ለአንባብያን ላካፍል ወደድሁ።

ነገሩ የሚነሣው ከጨዋታ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው አሳቡን የሚያሳርፍበት ነገር ያስፈልገዋል። እኔም ከመጠጥ ቤትና ከወሬ የሚያርቀኝ፣ ኪሴንም የማያራቁት ነገር ስፈልግ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ዒላማ መተኮሻ ስፍራ ወሰደኝ። በዚያ የሚተኮሰው ሃያ ሁለት በሚባለው ትንሽ ጠብመንጃ ነው። የዚህ ጠብመንጃ ረዥሙ ጥይት በ1887 እ.ኤ.አ. ወጥቶ እስከ ዛሬ ያልተሻረ ሲሆን፣ የአፈ ሙዙ ስፋት 5.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ድምፁ አያደነቁርም፤ ትከሻ አይመታም፤ ሃምሳ ጥይት የያዘች ሣጥንም በጥቂት ዶላር ትገኛለች። ረጋ ብሎ ለሚተኩስ ሰው ሃምሳ ጥይት ከአንድ ሰዓት በላይ ያጫውታል። ጠብመንጃውንም ፈቃድ ካለው ነጋዴ፣ ሕጉ የሚያዝዘው ምርመራ ከተደረገልኝ በኋላ፣ አሮጌ ገዛሁ። ለሥልጠና ወይም ለጉብኝት ወደዚህ አገር የሚመጡ ወንድሞችና እኅቶች ግን ይጠንቀቁ። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውና በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው፣ ሕጉ ለይቶ ካልፈቀደለት በስተቀር፣ ጠብመንጃ መያዙ ራሱ በፌዴራሉ ሕግ ወንጀል ነው። «አንዴ ልሞክር» ብሎ መንካትም አይገባም።

ይህ ጨዋታ በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ ከመተኮስ ጋር አንድ እንዳይመስለን። ወደ ላይ የወጣ ጥይት የማንም ልጅ ራስ ላይ ሊወርድ ይችላል። በዒላማው ስፍራ ግን ጠብመንጃ ሁሉ ጥይት እንደ ጎረሰ ይቆጠራል፤ አፈ ሙዙ ሰው ወዳለበት አይዞርም፤ ጣት ካልታለመ በስተቀር ቃታ አይነካም፤ ከዒላማው ኋላ ያለው ሳይታወቅ አይተኮስም። አዛዡ «ተኩስ አቁም» ባለ ጊዜ ሹሙም ሎሌውም መሣሪያውን አራግፎ፣ አስቀምጦ ወደ ኋላ ይላል። በዚያ መስመር ላይ የማን ዘመድ ነህ የሚባል ነገር የለም።

በመጀመሪያው ቀን ጥይቶቼ ሁሉ ከዒላማው መካከል አራት ጣት ያህል ወደ ግራ ሄዱ። ነፋሱን አማረርሁ፤ ጥይቱን ነቀፍሁ፤ መነጽሬንም ወቀስሁ። አንድ ሽማግሌ አሠልጣኝ ጥይቶቹ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው እንደ ወደቁ አሳየኝና፣ «እጅህ ደህና ነው፤ የጠብመንጃህ ማለሚያ ነው የዋሸህ። አስቀድመህ መሣሪያህን መርምር» አለኝ። የኋላውን ማለሚያ ጥቂት ወደ ቀኝ ብንገፋው ጥይቱ ከመካከል ገባ። ይህ ቃል ከሁለት ወር በኋላ በሌላ ቦታ እንደሚጠቅመኝ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

አንድ ቅዳሜ ከዚሁ ስፍራ ስመለስ የትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። ጠብመንጃው ባዶ ሆኖ በማኅደሩ ውስጥ ከኋላ ሣጥን ነበረ። ሁለት እጄን በመሪው ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ፖሊሱ በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ፣ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል ሲሆን እኔ በ76 ማይል ስነዳ በራዳር እንዳገኘኝ ነገረኝ። በእኛ ልክ 88 ኪሎ ሜትር በተፈቀደበት 122 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። እኔ በመኪናዬ መለኪያ ያየሁት 72 ነበር። ያም ቢሆን ጥፋት ነውና አልተከራከርሁም። መጥሪያውን ፈረምሁ። መፈረም በቀጠሮው ቀን ለመቅረብ ቃል መስጠት እንጂ ጥፋትን ማመን አይደለም።

ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ሳነብ ግን ደነገጥሁ። በቨርጂንያ ሕግ ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ያለፈ፣ ወይም በየትኛውም መንገድ ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው፣ ተራ ደንብ ተላላፊ መሆኑ ቀርቶ በግዴለሽነት መንዳት በሚባል ወንጀል ይከሰሳል። ቅጣቱ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊደርስ ይችላል፤ የመንጃ ፈቃድም እስከ 6 ወር ሊታገድ ይችላል። በእኔ ላይ የተጻፈው 21 ማይል ትርፍ ነበር። ስለዚህ የአንድና የሁለት ማይል ልዩነት እኔን ከደንብ ተላላፊነት ወደ ወንጀለኛነት የሚያሻግር ሆነ። ለስደተኛ ሰው ደግሞ የወንጀል መዝገብ ምን ማለት እንደ ሆነ የተሰደደ ያውቀዋል።

በመጀመሪያ ወደ አሳቤ የመጣው ነገር ያሳፍረኛል፤ ይሁን እንጂ ካልጻፍሁት ይህ ደብዳቤ ዋጋ የለውም። «ማንን አውቃለሁ?» አልሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት በመሥሪያ ቤት የለመድሁት ይህንኑ ነበርና። የማውቀው ሰው ግን አልነበረኝም። ከዚያ ለብዙ ዓመት ታክሲ የነዱ አንድ አገሬ ሰው ዘንድ ሄጄ ምክር ጠየቅሁ። «አንተ ልጅ፣ ባለቤቴን ምጥ ይዟት ወደ ሐኪም ቤት ስበር ነው በል። ዳኛም ሰው ነው፤ ይራራል» አሉኝ። ለእኔ አዝነው መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ባለቤቴ ያን ቀን ከእኅቷ ጋር ቡና ስትጠጣ ነበር የዋለችው። ሌሊቱን ሁሉ ይህን ውሸት በአፌ ሳገላብጠው አደርሁ። ከመሐላ በኋላ የሚነገር መሆኑ ትዝ ሲለኝ ግን ተውሁት።

በማግሥቱ የሽማግሌው አሠልጣኝ ቃል ታወሰኝ። መኪናይቱን የገዛኋት ከሌላ ሰው ሲሆን ጎማዎችዋ ከፋብሪካው ከታዘዘው ልክ ተለቅ ያሉ ነበሩ። ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ስለሚረዝም መለኪያው ከእውነቱ አሳንሶ ያሳያል። የፍጥነት መለኪያ የሚመረምር ጋራዥ ወስጄ ባስመረምራት፣ መለኪያው 70 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 74 መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ ራዳሩ 76 ሲያነብ እኔ 72 ማየቴ ትክክል ነበር። የተመረመረበትን ወረቀት በመሐላ አስፈርሜ ያዝሁ፤ ጎማዎቹን አስለውጬ ደረሰኙን ጨመርሁ። የግዛቲቱን ሕግ ባገላብጥም፣ ዳኛው እንዲህ ያለውን የምርመራ ወረቀት እንዲቀበልና ጥፋቱንም ቅጣቱንም ሲወስን እንዲያመዛዝነው የሚያዝዝ ቃል ተጽፎ አገኘሁ።

በቀጠሮው ቀን አዳራሹ በሰው ተሞልቶ ነበር። ጠበቃ ያቆመው ቀድሞ ይጠራል፤ ጠበቃ የሌለው ተራውን ይጠብቃል። ለአንዱ ሰው የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። እንግሊዝኛ የማያውቅ በወንጀል የተከሰሰ ሰው አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው፤ ይህን ሳያውቁ ራሳቸውን እየነቀነቁ ብቻ ጥፋተኛ የሚባሉም አሉ። ስለዚህ የዚያን አገር ፍርድ ቤት የገነት ደጅ አድርጌ ማሳየቴ አይደለም።

ተራዬ ደርሶ ፖሊሱ ምሎ ያየውን ተናገረ። ራዳሩ የተፈተሸበትን ወረቀትም አቀረበ። ሕጉ ይህ ፍተሻ ከስድስት ወር ያለፈ እንዳይሆን ስለሚያዝዝ ቀኑን አንብቤ አራት ወር ብቻ እንደ ሆነው አየሁና፣ «በዚህ ላይ የምቃወመው የለኝም» አልሁ። ዳኛዋ ምን እንደምል ጠየቁኝ። «ከተፈቀደው በላይ ነድቻለሁ፤ ይህን አልክድም። ያየሁት ግን 72 ነበር፤ ማስረጃዬም ይኸውና» ብዬ ወረቀቶቹን ሰጠሁ። አነበቧቸው፤ ፖሊሱንም ስለ ጠባዬ ጠየቁት፤ እሱም በመልካም መሰከረ። ከዚያ በኋላ የወንጀሉ ክስ ቀርቶ በተራ የፍጥነት ገደብ መተላለፍ መቀጮና የፍርድ ቤት ወጪ እንድከፍል ፈረዱ። ብበደል ኖሮ በዐሥር ቀን ውስጥ ወደ በላይኛው ፍርድ ቤት ይግባኝ ብዬ ነገሩ እንደ አዲስ ይታይልኝ ነበር፤ ነገር ግን አልተበደልሁም። ከፍዬ ወጣሁ። የከፈልሁት ገንዘብ እንደዚያን ቀን ቀልሎኝ አያውቅም። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ያሉት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤዬ ምክንያት ልግባ። «ይህ የአሜሪካ ነገር ነው፤ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ነገር ግን በልሃ ልበልሃ እያለ በዛፍ ጥላ ሥር የተሟገተ፣ «በሕግ አምላክ» ሲባል መንገዱን አቋርጦ የቆመ ሕዝብ ከእኛ ሌላ ማን ነው? በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ሆኖ እንደሚገመት፣ የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከትና ምስክርን የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። እንግዲህ ሕጉ አልጎደለም። የጎደለው የእኛ ልማድ ይመስለኛል። መጥሪያ ወይም የቅጣት ወረቀት በእጃችን ሲገባ ከማንበባችን በፊት ስልክ እናነሣለን፤ የምናውቀውን ሰው እንቆጥራለን። ሰው ያገኘ ያመልጣል፤ ሰው ያጣ ያልበላውን ዕዳ ይከፍላል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ እጅ መንሻ ይዞ የሚሄደው ነው። በሦስቱም መንገድ እውነቱ ሳይመረመር ይቀራል።

«የሥራ ቀን ከማባከን መክፈል ይቀላል» የሚሉ ወዳጆች እንዳሉኝ አውቃለሁ። ጥፋቱን የሚያውቅ ሰው በጊዜው ቢከፍል መልካም ነው፤ እኔም ይህን አልነቅፍም። ያላጠፋውን የሚከፍል ግን ለራሱ ሰላም የገዛ ይመስለዋል እንጂ፣ ከእሱ ኋላ ለሚመጣው ለድኻው ሰው መንገዱን ያጠብበታል።

ስለ ራሴ የቀረኝን ልናገር። በመዝገብ ቤት ሳለሁ አንድ ሽማግሌ የግብር ደረሰኞቻቸውን በመሐረብ ጠቅልለው መጡ። ሁለት ጊዜ ክፈል ተብለው ነበር። ደረሰኞቹ ትክክል ነበሩ። እኔ ግን ወረቀቱን ሳልፈታ «ማን ላከዎ?» አልሁአቸው። «የላከኝ የለም፤ ወረቀቴ ነው» አሉኝ። ነገ ይምጡ ብዬ፣ ከአለቃዬ ወዳጅ ቁራጭ ማስታወሻ ይዞ የመጣውን ጎልማሳ አስተናገድሁ። ሽማግሌው ስንት ነገ እንደ ተመላለሱ አላስታውስም። በዚያ ችሎት ወረቀቴን ይዤ ስቆም፣ ዳኛዋ «ማን ላከህ?» ቢሉኝ ምን እመልስ ነበር? ወረቀቴን ሲያነቡልኝ ትዝ ያሉኝ እኒያ ሽማግሌ ናቸው።

ስለዚህ ባልንጀሮቼ ሆይ፣ የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ስትከሰሱ አስቀድማችሁ የራሳችሁን መለኪያ መርምሩ፤ የተሳሳተው እሱ እንደ ሆነ አምናችሁ አስተካክሉ፤ እውነት ከያዛችሁ ግን ሰው ሳትፈልጉ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ቁሙ። ከጠረጴዛው ኋላ ስትቀመጡ ደግሞ የመጣውን ሰው ማን ላከህ አትበሉት፤ የያዘውን ወረቀት ፈትታችሁ አንብቡለት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ
ከቨርጂንያ