የዘማች ማኅበር ጽዋ እንዳይቋረጥ

ወታደር በጦር ሜዳ ሳለ አገር ሁሉ ስሙን ይጠራዋል፤ ጦርነቱ አልቆ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ግን ማንነቱን ደኅና አድርገው የሚያውቁት በአንድ ምሽግ አብረውት ያደሩት ጓደኞቹ ብቻ ይሆናሉ። እነርሱም በዓመት አንድ ቀን ተገናኝተው፥ ማን አለ ማን ሞተ ብለው ተጠያይቀው፥ የወደቁትን በየስማቸው አንሥተው ሲለያዩ፥ ለሩቅ ተመልካች የሽማግሌዎች ጨዋታ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩን አጥብቆ ለመረመረው ሰው ግን ይህ መሰብሰብ ከአገር መዝገብ ቤቶች አንዱ ነው። መዝገቡም የተጻፈው በሰው ልብ ላይ ስለ ሆነ፥ ሰውየው ሲሞት አብሮት ይቀበራል። ዛሬ በዚህ አምድ ልናስረዳ የፈለግነው ይህ መዝገብ ቤት በአገራችን በመንግሥት መለዋወጥ ምክንያት ሲዘጋና ሲከፈት መኖሩን፥ ከእንግዲህ ወዲህም እንዳይዘጋ ሊደረግ የሚገባውን ነገር ነው።

እንዲህ ያለው መሰብሰብ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ልማድ አይደለም። ማኅበርተኛ በየወሩ በታቦቱ ቀን በየተራው ቤት እየተሰበሰበ ጽዋውን ይጠጣል፤ የቀረ ሰው ቢኖር ሙሴው ይጠይቃል፤ ታሞ እንደ ሆነ ይጎበኛል፤ ሞቶ እንደ ሆነ ተዝካሩ ይታሰባል፤ ልጁም ፈቃዱ ሲሆን የአባቱን ጽዋ ይቀበላል። ስለዚህ ማኅበር ሰው ይሞትበታል እንጂ ራሱ አይሞትም። የዘማቾችም ማኅበር በጠባዩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። የጻድቁንና የሰማዕቱን መታሰቢያ የሚያዝዘው ስንክሳር ስለ ሆነ፥ ንጉሥ ቢለወጥ ቀኑ አይለወጥም። የዘማቹን መታሰቢያ የሚያዝዘው ግን መንግሥት ስለ ሆነ፥ መንግሥቱ ሲለወጥ ቀኑም ክብሩም አብሮ ሲለወጥ አይተናል።

ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር የአርበኞች በዓል ነው። ጠላት አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ልክ በአምስተኛው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው በዚሁ ከተማ ሰንደቅ ዓላማችን እንደ ገና ተሰቀለ። በዱር በገደል ሲታገል የኖረው አርበኛም ይህን ቀን የራሱ አድርጎ፥ በየዓመቱ ጎፈሬውን አበጥሮ፥ ጋሻውንና ጦሩን ይዞ፥ ከጓደኞቹ ጋር ሲገናኝበት ኖረ። በ1967 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ግን ንጉሠ ነገሥቱ የገቡበት ቀን መከበሩ ስላልተወደደ፥ በዓሉ በ1933 ዓ.ም. የጠላት ጦር ከተማይቱን ወደ ለቀቀበት ወደ መጋቢት 28 ቀን ተዛወረ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። አርበኛው የተዋጋው አንድ ጦርነት ሲሆን በዓሉ ሁለት ጊዜ ከቦታው ተነቀለ። አምስት ዓመት ሙሉ በጫካ የበዓላቱን ቀን ያልሳተ ሽማግሌ፥ በሰላም አገር የድሉ ቀን ተለወጠብህ ተባለ።

ሁለተኛውና የበለጠ የሚያሳዝነው ምስክር የቃኘው ሻለቃ ነው። ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የኮሪያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባሎቹን ርዳታ ጠየቀ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት አቤት ብላ የሚረዳት ያላገኘችው ኢትዮጵያ፥ በእርሷ የደረሰው በሌላ እንዳይደርስ ስትል የጥሪውን ቃል ተቀበለች። ከክብር ዘበኛ የተመረጠው ጦር በልዑል ራስ መኰንን የጦር ፈረስ ስም ቃኘው ተብሎ፥ በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፥ ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍሮ፥ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ከሚባለው ወደብ ወረደ። ከአፍሪካ መንግሥታት መካከል ለዚያ ጦርነት እግረኛ ጦር የላከች ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች።

ሻለቃዎቹ በየተራ እየተተካኩ፥ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው፥ የማያውቁትን ብርድና በረዶ ታግሠው፥ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ ማቆሙ ውል እስከ ተፈረመበት ድረስ ተዋጉ። ከዚያም በኋላ ሌሎች እየሄዱ ሰላሙን ጠበቁ። በጠቅላላው ከ6 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ሲዘምቱ፥ ከ120 የሚበልጡት ሞቱ፤ ከ500 የሚበልጡት ቆሰሉ፤ አንድም ሰው ግን ለጠላት እጁን አልሰጠም። የሞቱትም ዐፅም በባዕድ ምድር እንዳይቀር ወደ አገሩ ተመለሰ። ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚነካው ደግሞ ወታደሮቹ ከደመወዛቸው እያዋጡ በጦርነቱ አባትና እናት ለሞቱባቸው የኮሪያ ሕፃናት ማሳደጊያ ማቋቋማቸው ነው።

በ1960 ዓ.ም. ግርማዊነታቸው ወደ ኮሪያ በሄዱ ጊዜ ቹንቾን በምትባለው ከተማ የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት ተመረቀ። ከሰባት ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። አዲሱ መንግሥት ቃኘው ከተዋጋው ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት ስለ መሠረተ፥ ኮሪያ ዘምቼ ነበር ማለት ክብር መሆኑ ቀርቶ የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ብዙዎቹ ዝም አሉ፤ ኑሯቸውም ተጎሳቈለ። በ1977 ዓ.ም. በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በምሥራቅ ግንባር ለወደቁት መታሰቢያ የድላችን ሐውልት በዋናው ከተማ ሲቆም፥ በሥራው የረዱት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ነበሩ። በምሥራቅ ግንባር የወደቁት ከዚህም የሚበልጥ ክብር ይገባቸዋል፤ በእነርሱ ላይ የምንናገረው ነቀፋ ከቶ የለንም። የሚያስደንቀው ግን አንዱ ወታደር በሐውልት ሲከበር ሌላው ወታደር በዚያው ከተማ ዘመቻውን መሸሸጉ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ተራው ለነዚያም ደረሰ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ በወደቀ ጊዜ በምሥራቅም በሰሜንም ሲዋጋ የኖረው በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሠራዊት ተበተነ። የአገሩን ድንበር የጠበቀው ወታደር በሥርዓቱ ስም ተጠርቶ የደርግ ወታደር ተባለ፤ ከነዚህም በየመንገዱ እጁን ለምጽዋት የዘረጋ እንደ ነበረ ያላየ የለም። በ1990 ዓ.ም. በሰሜን ድንበር ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን ከተበተኑት መካከል ተጠርተው የዘመቱ ነበሩ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ መንግሥት ያልፋል፥ አገር ግን የበተነችውን ልጅ መልሳ የምትፈልግበት ቀን ይመጣል። ወታደር የሚሞተው ለአገሩ እንጂ ለአንድ ዘመን ሰዎች ስላልሆነ፥ መታሰቢያው ከዘመኑ ሰዎች ጋር መሻር አይገባውም።

ታዲያ በነዚያ የዝምታ ዓመታት መታሰቢያውን ማን ጠበቀው ብለን ብንጠይቅ፥ መልሱ ዘማቾቹ ራሳቸው የሚል ነው። ጓደኛ ጓደኛውን በቅሶ ቤት፥ በሠርግና በሰንበቴ እያገኘ፥ ወሬውን በዝግታ እየተቀባበለ አቈየው። ዘመኑ በተለወጠ ጊዜም ማኅበራቸውን አቁመው በይፋ ለመገናኘት በቁ፤ በአዲስ አበባም በአፍንጮ በር አካባቢ ሐውልት ቆመላቸው። የኮሪያም ሕዝብ ውለታውን ሳይረሳ በ1999 ዓ.ም. በቹንቾን የመታሰቢያ አዳራሽ ከፈተ፤ ለዘማቾቹ ድጎማ፥ ለልጅ ልጆቻቸውም የትምህርት ርዳታ ሰጠ። ስለዚህ እናመሰግናለን፤ ነገር ግን የልጆቻችንን ጀግንነት እንግዳው ከእኛ አብልጦ ሲያስታውስ ማየት ከምስጋናው ጋር ኀፍረትም ሊያሳድርብን ይገባል።

ኢያሱ ሕዝቡን ዮርዳኖስን ባሻገረ ጊዜ ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋይ አስወጥቶ በጌልገላ ማቆሙን ሊቃውንቶቻችን ያውቁታል። ድንጋዩ የቆመው ለራሱ ክብር አልነበረም፤ ኋላ የሚወለዱት ልጆች አይተው እንዲጠይቁ፥ አባቶችም እንዲመልሱላቸው ነው። ሐውልት ጥያቄን ያስነሣል፤ መልሱ ያለው ግን በሰው አፍ ነው። ዛሬ በ1928 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው በሕይወት ቢገኝ ዕድሜው ከመቶ አልፏል፤ በ1943 ዓ.ም. የ20 ዓመት ጎልማሳ የነበረውም ከዘጠና አልፏል። ድንጋዮቹ ቆመው፥ መላሾቹ እያለቁብን ነው።

ስለ ምን መሰብሰብ ያስፈልጋል፥ ለየብቻቸው ቢጠየቁ አይበቃምን? የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አይበቃም። አንድ ሽማግሌ ለብቻው ሲናገር ዘመን ያደበዘዘበትን የሚያርምለት የለም። ጓደኞቹ በተሰበሰቡበት ግን አንዱ ሌሊት ነበር ሲል ሁለተኛው ጎሕ ቀዶ ነበር ብሎ ያርመዋል፤ ሦስተኛውም ሁለቱ የረሱትን የአንድ ልጅ ስም ያነሣል። በፍርድ ሥርዓት ነገር የሚጸናው ከአንድ በሚበልጥ ምስክር እንደ ሆነ ሁሉ፥ የጦር ሜዳም ታሪክ እንዲሁ ነው።

ደግሞም ሽማግሌዎቹን የሚጠቅማቸው እንጀራና መድኃኒት እንጂ ስብሰባ አይደለም የሚል አሳብ ከአንዳንድ ሹማምንት ይሰማል። እንጀራውና መድኃኒቱ መቅደሙ እውነት ነው። ነገር ግን የማን ጡረታ እንደ ተጓደለ፥ የማን ቤት እንደ ፈረሰ፥ ማን አልጋ ላይ እንደ ዋለ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው ስም ሲጠራ አቤት የሚል በታጣበት በዚያ ስብሰባ ላይ ነው። ብልህ ሹም የማኅበሩን መዝገብ እንደ ሸክም ሳይሆን እንደ ረዳት ጸሐፊ ይቈጥረዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ አገራችን በሆነው ጦርነት የአንዲት እናት ልጆች በሁለት ወገን ተሰልፈው ወድቀዋል፤ ቍስሉ ገና አልጠገገም፤ በሌላም ቦታ ወንድም በወንድሙ ላይ መሣሪያ ማንሣቱ እጅግ ያሳዝናል። የዘማቾች መገናኘት ቂም የሚታደስበት እንዳይሆን መጠንቀቅ የተገባ ነው። መድኃኒቱ ግን ዝም ማሰኘት አለመሆኑን ከላይ ያየነው ታሪክ ያስረዳል፤ የተከለከለ ትዝታ አይሞትም፥ ይመርራል እንጂ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለአርበኛው የሰጡት የመጀመሪያ ትእዛዝ በተሸነፈው ጠላት ላይ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ነበር። ለባዕድ የተደረገው ምሕረት ለወንድም ሊነፈግ አይችልም። ስለዚህ በማኅበሩ ውስጥ የሞተው በስሙ ይነሣ፥ መከራውም ይነገር፤ የተቃራኒው ወገን ስድብ ግን አይግባ። ካህን ፍትሐት ሲያደርስ የሟቹን ነፍስ ወደ ፈጣሪዋ ያሳስባል እንጂ በየትኛው ወገን ወደቀ ብሎ አይጠይቅም፤ የመታሰቢያም ሥርዓት ከዚህ ቢማር መልካም ነው።

እንግዲህ የምናሳስበው በሦስት ነገር ይጠቀለላል። አንደኛው፥ የዘማቾች መታሰቢያ ቀንና የማኅበሮቻቸው መብት በሕግ እንዲጸና፥ የሥልጣን ሰዎች በተለወጡ ቍጥር እንዳይነካ ነው። ሁለተኛው፥ በየስብሰባው ጸሐፊ ተቀምጦ፥ የመኰንኑን ብቻ ሳይሆን የተራውን ወታደር፥ ስንቅ ያዘጋጀችውንና ቍስለኛ ያስታመመችውን ሴት ቃል ጭምር በጽሑፍና በድምፅ እየቀዳ፥ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት እንዲያኖር ነው። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለምን? ሦስተኛው፥ ልጅ የአባቱን ጽዋ እንደሚቀበል ሁሉ የዘማቹ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በማኅበሩ ስሙ እንዲጻፍ፥ የመጨረሻው ሽማግሌ ባረፈ ቀን የማኅበሩ በር እንዳይዘጋ ነው።

በዚህ ሥራ የካህናት ድርሻ ቀላል አይደለም። የጥንት አባቶቻችን የርስቱንና የስጦታውን ቃል በወንጌል ባዶ ገጽ ላይ እየጻፉ ስላቈዩልን፥ ዛሬ የብዙ ዘመን ታሪክ የሚገኘው ከዚያ ነው። አሁንም የየደብሩ አስተዳዳሪ በቅጥሩ ያረፉትን ዘማቾች ስም፥ የዘመቱበትን አገርና ዘመን በመዝገብ ቢያሰፍር፥ ወጪው አንድ ደብተርና ጥቂት ቀን ነው፤ ጥቅሙ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ስንክሳር ሲነበብ የሚሰማ ሕዝብ ስም መጥራት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያውቃል። ያን ልማዱን ለአገሩ ለሞቱትና አጠገባቸው ቆመው በሕይወት ለተረፉት ቢያደርገው፥ ነገ በድንበሩ የሚቆመው ወጣት በየትኛውም መንግሥት ዘመን ቢሆን ስሙ እንደሚጠራ አውቆ ይቆማል። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ እንጂ አይቋረጥ።