የእንጦጦ ዳገትና የፍጥነት መቆጣጠሪያው

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ግን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ሲወጣ የፊዚክስን ሕግ ያገኘዋል፤ 1,000 ኪሎ ግራም ክብደት 100 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት፣ ሰበቃው ሳይታሰብ፣ 980,000 ጁል ይጠይቃል።

አነስተኛዋ የኤሌክትሪክ ጋሪ ዳገት ላይ ስትደክም ብዙዎች የፍጥነት መቆጣጠሪያዋን ከፍ ባለ አምፒር መቀየር መፍትሔ ይመስላቸዋል። መቆጣጠሪያው በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ለሞተሩ የሚደርሰውን ኤሌክትሪክ ይመጥናል። የሞተሩን ጉተታ የሚጨምረው አምፒሩ ነው፤ ሆኖም አምፒሩ እጥፍ ሲሆን በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ደግሞ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ሽቦው፣ ፊውዙና ሞተሩ አብረው ካልታሰቡ ትርፉ ቃጠሎ ነው።

በእኛ እምነት ለእንጦጦ የሚሻለው መቆጣጠሪያ ለዳገቱ ብቻ ሳይሆን ለቁልቁለቱም የታሰበው ነው። እንዲህ ያለው መቆጣጠሪያ ሞተሩን ጄኔሬተር አድርጎ የወጣውን ኢነርጂ በከፊል ለባትሪው ይመልሳል። ባትሪው ተራራው ጫፍ ላይ ሞልቶ ከተነሳ ግን የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ ፍሬኑ ብቻውን ይቀራል።

ተሽከርካሪውን ከውጭ ልንገዛ እንችላለን፤ ዳገቱ ግን የራሳችን ነው። ስለሆነም ተማሪዎቻችን መቆጣጠሪያውን በቤተ ሙከራ ከፍተው ሊመረምሩትና ለዳገታችን ሊያስተካክሉት ይገባል እንላለን።